የቡሽ ቤት ቤተ መንግሥት ባይገባ ኖሮ

አማርኛ ያልሆነውን ታሪክ የሚሸከምበት አንዲት አጭር ቃል አለችው፤ «ኖሮ»። ልጅ ኢያሱ ባይሻሩ ኖሮ፣ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ቢሳካ ኖሮ፣ የግንቦት 1981ዱ የጄኔራሎች ሙከራ ባይከሽፍ ኖሮ እየተባለ ያልተመሸበት የኢትዮጵያውያን ቤት ጥቂት ነው። የታሪክ ባለሙያዎች ግን ይህችን ቃል በጥርጣሬ ያዩአታል። የሆነውን በማስረጃ ማረጋገጥ እንኳ አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ ያልሆነውን ማን ይመሰክራል ይላሉ። ተገቢ ስጋት ነው። ይሁንና «እገሌ ይህን አደረገ» ብለን በጻፍን ቁጥር «እገሌ ባይኖር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር» ማለታችን ነው። መንስኤን የሚናገር ዐረፍተ ነገር ሁሉ ይህችን ቃል በሆዱ ይዟል። ስለዚህ ጥያቄው ቃሊቱን እንጠቀምባት ወይስ እንተዋት የሚል ሳይሆን፣ በጥንቃቄ እንጠቀምባት ወይስ በዘፈቀደ የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ቃሊቱን የምንፈትነው በራሳችን ቤት ሳይሆን በሰው ቤት፣ በአሜሪካው የቡሽ ቤተሰብ ነው። አባትና ልጅ ፕሬዚዳንት የሆኑበት አጋጣሚ በአሜሪካ ታሪክ ሁለት ጊዜ ብቻ ተከሥቷል፤ በመጀመሪያ በአዳምስ ቤት፣ ቀጥሎ በቡሽ ቤት። ሁለቱ ቡሾች በድምሩ 12 ዓመት ገዙ። በእነዚያ ዓመታት ደርግ ወደቀ፤ ቤተ እስራኤል በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ፤ ዲቪ ሎተሪን ያስገኘው ሕግ ተፈረመ፤ የአሜሪካ ጦር ሶማሊያ ገባ፤ የኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መታደል ጀመረ። በውጭ አገር የምንኖር ብዙዎቻችን ሕይወታችን ከእነዚህ ከአንዱ ጋር የተቋጠረ ነው። ታዲያ ያ ቤተሰብ ወደ ሥልጣን ባይወጣ ኖሮ ከዚህ ሁሉ የቱ ይቀር ነበር? የቱስ አይቀሬ ነበር? (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነው ይገለጻል።)

የዲትሮይቷ ሌሊት

«ባይሆን ኖሮ» የሚል ጥያቄ ሁለት ደንብ አለው። ለውጡ ትንሽና በጊዜው በእርግጥ ሊሆን ይችል የነበረ መሆን አለበት። ከዚያች ነጥብ ውጭ ያለው ሁሉ ደግሞ እንደነበረ መቆየት አለበት። የቡሽ ቤት ታሪክ እንዲህ ያለች ነጥብ አለችው፤ ረቡዕ ጁላይ 16 ቀን 1980 ማታ።

አባትየው ጆርጅ ቡሽ በዚያ ጊዜ የ56 ዓመት ሰው ነበሩ። የሴናተር ፕሬስኮት ቡሽ ልጅ ቢሆኑም እርሳቸው ለሴኔት በ1964 እና በ1970 ከቴክሳስ ተወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል። በተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር፣ በቤጂንግ የአሜሪካ ልዑክ፣ ከዚያም የሲአይኤ ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል፤ እነዚህ ግን በሹመት እንጂ በሕዝብ ድምፅ የሚገኙ ወንበሮች አይደሉም። በ1980 የሪፐብሊካኖች ዕጩ ለመሆን ሲወዳደሩ በአይዋ ቢያሸንፉም በኒው ሃምፕሻየር በሮናልድ ሬገን ተረቱ። የሬገንን የኢኮኖሚ ዕቅድ ከጥንቆላ ጋር አመሳስለው ስለ ነቀፉ በሬገን ሰዎች ዘንድ ወዳጃቸው ጥቂት ነበር።

ፓርቲው ዲትሮይት ላይ ጉባኤውን ሲያደርግ ሬገን ለምክትልነት ያሰቡት ቡሽን ሳይሆን የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን ነበር። ድርድሩም ሩቅ ሄዶ ነበር። ፎርድ በዚያ ምሽት በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ከዋልተር ክሮንካይት ጋር ሲነጋገሩ ሥልጣንን የመጋራት ሐሳብ ተነሣ፤ በጉባኤው አዳራሽም ነገሩ አለቀለት ተብሎ ተወራ። ሬገን ግን አንድ ወንበር ለሁለት እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ድርድሩ ፈረሰ፤ ሬገንም ስልክ አንሥተው ለቡሽ ደወሉ።

ድርድሩ ሠምሮ ቢሆን ኖሮ ቡሽ ሹመት የሌላቸው የሂዩስተን ሰው ሆነው ይቀሩ ነበር። በ1988 ያሸነፉት የሬገን ምክትል በመሆናቸው ነው፤ ያን ክብር ይዘው እንኳ በዚያ ዓመት በአይዋ ከቦብ ዶልና ከፓት ሮበርትሰን ቀጥለው ሦስተኛ ነበር የወጡት። ልጃቸውም በ1978 ለኮንግረስ ተወዳድረው የተሸነፉ የነዳጅ ነጋዴ እንጂ በስማቸው ብቻ የቴክሳስን አገረ ገዥ አን ሪቻርድስን የሚጥሉ ሰው አልነበሩም። ከሩቅ ሲያዩት የማይነቃነቅ ዋርካ የሚመስለው ቤተሰብ ከሥሩ ሲፈተሽ በአንዲት የስልክ ጥሪ ላይ የቆመ ነበር።

ስለዚህ ለውጣችን ትንሽ ናት፤ ያ ስልክ አልተደወለም እንበል። ፎርድ ምክትል ሆኑ፤ በ1988ም ወይ ዶል ወይ የዴሞክራቶቹ ማይክል ዱካኪስ አሸነፉ።

ሁለት ሰነዶች በአንድ ቀን

ኖቬምበር 29 ቀን 1990፣ በእኛ ኅዳር 20 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ሁለት ታላላቅ ነገሮች በአንድ ቀን ተፈጸሙ። በዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ቡሽ አዲሱን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። በኒው ዮርክ ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 678ን አጽድቆ ኢራቅ ከኩዌት እንድትወጣ የመጨረሻ ቀነ ገደብ ሰጠ። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ነበረች። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መንግሥት፣ ለዓመታት ከሞስኮ ጋር የቆመው መንግሥት፣ ድምፁን ለቡሽ ሰጠ። 12 አገሮች ሲደግፉ ኩባና የመን ተቃወሙ፤ ቻይና ድምፀ ተዐቅቦ አደረገች።

ከሁለቱ ሰነዶች የቡሽ የራሳቸው ሥራ የቱ ነው? ያለ ጥርጥር ሁለተኛው። መሪዎችን በየግላቸው እየደወሉ ያን ጥምረት የሰበሰቡት እርሳቸው ናቸው። በአገራቸውም ነገሩ አከራካሪ ነበር፤ በጃንዋሪ 1991 ሴኔቱ ጦርነቱን የፈቀደው በ52 ለ47 ድምፅ ነው። ሌላ ፕሬዚዳንት ማዕቀቡ ሥራውን እንዲሠራ ሊጠብቅ ይችል ነበር።

የመጀመሪያው ሰነድ ግን ሌላ የትውልድ ሐረግ አለው። የ1965ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለቤተ ዘመድ ቅድሚያ በመስጠቱ፣ በአሜሪካ የቅርብ ዘመድ ያልነበራቸው ወጣት አየርላንዳውያን በሩ ተዘጋብን ብለው ያማርሩ ነበር። የቦስተንና የኒው ዮርክ የአየርላንድ ተወላጆች ተደራጅተው እንደራሴዎቻቸውን ወጠሩ። የማሳቹሴትሱ እንደራሴ ብራያን ዶኔሊ በ1986 የመጀመሪያውን የሙከራ ፕሮግራም አስገቡ፤ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ፣ በታችኛው ምክር ቤትም ብሩስ ሞሪሰንና ቻርልስ ሹመር ጉዳዩን ከዳር አደረሱት። በ1990ው ሕግ መሠረት ከ1992 እስከ 1994 በነበረው የሽግግር ጊዜ ከሚሰጠው ቪዛ ቢያንስ 40 በመቶው ለአየርላንዳውያን የተመደበ ነበር። ለሌላው ዓለም የተሰጠው ቋሚ ፕሮግራም የጀመረው ከ1995 ነው፤ በዓመት 55,000 ቪዛ፣ በአህጉራት ተደልድሎ።

ያን በር ያንኳኩት አየርላንዳውያን ነበሩ፤ ሲከፈት ግን ከገቡት መካከል እኛ አለንበት። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ በፖስታ የተላከው ማመልከቻ፣ ኋላም በኢንተርኔት ካፌ የተሞላው ቅጽ፣ መነሻው የቦስተን መጠጥ ቤቶችና ደብሮች ውስጥ የተካሄደ የአየርላንዳውያን ቅስቀሳ ነው። ኢትዮጵያዊ በዚያ ክርክር ውስጥ አልታሰበም፤ አልተከለከለምም።

አሁን ቡሽን እናውጣቸው። ዱካኪስ የግሪክ ስደተኞች ልጅ፣ የራሱ የኬኔዲ ክፍለ ግዛት አገረ ገዥ ነበሩ፤ እጃቸው ለፊርማ አይዘገይም ነበር። ዶልም በሁለቱም ፓርቲዎች ድጋፍ ያለፈን ሕግ የሚመልሱበት ምክንያት አልነበራቸውም። በዚህ ላይ ዲቪ ከመምጣቱ በፊት የብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን መግቢያ የነበረው የ1980ው የስደተኞች ሕግ ነው፤ ያን ጂሚ ካርተር የፈረሙት ከዲትሮይቷ ሌሊት አራት ወር ቀድሞ በማርች ነበር። በካርቱምና በገዳሪፍ በኩል የመጣው ትውልድ ከቡሽ ቤት የተበደረው ነገር የለም። በዋሽንግተን፣ በዳላስና በሎስ አንጀለስ የምናውቃቸው ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶችና ምግብ ቤቶች ያ ቤተሰብ ባይነሣም በአብዛኛው በቦታቸው ይገኙ ነበር።

የግንቦት ሳምንት

ወደ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ስንመጣ መልሱ ይወሳሰባል። የደርግ መውደቅ ራሱ ከዋይት ሐውስ ጋር ብዙ አይያያዝም። ጎርባቾቭ የጦር መሣሪያውን ጅረት ማድረቅ ሲጀምሩ፣ ምፅዋ በፌብሩዋሪ 1990 ስትያዝ፣ ኢሕአዴግ ወደ መሐል አገር ሲገፋ ውጤቱ እየተቆረጠ ነበር። በሜይ 1991 መጨረሻ በአሜሪካ ረዳት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኸርማን ኮኸን ሰብሳቢነት ለንደን ላይ የተካሄደው ጉባኤ ለብዙዎቻችን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ጉባኤው ሲቀመጥ አሥመራ በሻዕቢያ እጅ ነበረች፤ አዲስ አበባም ተከብባ ነበር። ኮኸን ባይኖሩ ሌላ ዲፕሎማት ከዚያው ካርታ ፊት ይቀመጥ ነበር።

የቤተ እስራኤል ጉዳይ ግን በመካከል ይቆማል። ቡሽ ነገሩን የሚያውቁት ከምክትልነታቸው ዘመን ጀምሮ ነው። «ዘመቻ ሙሴ» በ1985 መጀመሪያ ሲቋረጥ ሱዳን ውስጥ የቀሩትን ለማውጣት ሴናተሮች ለሬገን ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በማርች 1985 ካርቱም ሄደው ከፕሬዚዳንት ኒሜሪ ጋር የተነጋገሩት ቡሽ ናቸው፤ በዚያው ወር የአሜሪካ አውሮፕላኖች 500 ያህል ሰዎችን ከገዳሪፍ አካባቢ አነሡ። በ1990 በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ከጎንደር ገጠሮች አዲስ አበባ መጥተው በእስራኤል ኤምባሲ ደጅ ይጠባበቁ ጀመር። ቡሽ የቀድሞውን ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትዝን መልእክተኛ አድርገው ላኩ፤ ቦሽዊትዝ ራሳቸው በርሊን ተወልደው በሕፃንነታቸው ከናዚዎች ያመለጡ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 አገር ጥለው ሲወጡ ቡሽ ለተተኪያቸው ለሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ደብዳቤ ጻፉ። ግንቦት 16 እና 17 ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ወጡ፤ ከአውሮፕላኖቹ አንዱ ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ነበር። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

የእስራኤል ፍላጎት፣ የኡሪ ሉብራኒና የአቶ ካሣ ከበደ ድርድር፣ የአሜሪካ አይሁድ ማኅበራት ግፊት፣ የተከፈለው 35 ሚሊዮን ዶላር ከቡሽ ውጭ የቆሙ ነገሮች ናቸው። ዘመቻው በሌላ ፕሬዚዳንትም ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን የነበረው ቀዳዳ የአንድ ሳምንት ነበር። ጉዳዩን ከስድስት ዓመት በፊት በአካል የሚያውቅ ሰው ደብዳቤውን በጊዜው መጻፉና፣ የማያውቅ ሰው ማስረጃ እስኪቀርብለት ሦስት ቀን መውሰዱ፣ በሰላሙ ጊዜ ልዩነት የለውም፤ በዚያች ሳምንት ግን የብዙ ሺህ ሰው ዕጣ ነበር። በአዲስ አበባ ጦርነት ቢነሣ በኤምባሲው ደጅ የቆሙት ምን ይሆኑ እንደነበር ማንም በእርጋታ ሊናገር አይችልም።

አምስት መቶ ሠላሳ ሰባት ድምፅ

ከዚህ በኋላ መላ ምታችን ይደክማል። በ1988 ሌላ ሰው ከተመረጠ በ1992 የክሊንተን መመረጥም እርግጠኛ አይደለም፤ ከመነሻው በራቅን ቁጥር ጭጋጉ ይወፍራል። ስለዚህ ልጅየውን ለመመርመር ሁለተኛና ቅርብ ነጥብ እንውሰድ። በ2000 በፍሎሪዳ ከተሰጠው ስድስት ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ነው፤ ጉዳዩን የዘጋውም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 የሰጠው ውሳኔ ነው። ያ ቁጥር ተገልብጦ ቢሆን ኖሮስ?

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው የኢራቅን ጦርነት ነው። ጎር በሴፕቴምበር 2002 ጦርነቱን በይፋ ተቃውመዋል። ይሁንና የሳዳምን አገዛዝ መለወጥን የአሜሪካ ፖሊሲ ያደረገው የ1998ቱ ሕግ በክሊንተን የተፈረመ ነው፤ የጎር ዕጩ ምክትል ጆ ሊበርማንም የጦርነቱ ደጋፊ ነበሩ። ቢሆንም በ2003 ሠራዊት ጭኖ ወደ ባግዳድ መዝመት አይቀሬ እንዳልነበረ መናገር ያስደፍራል።

ለእኛ ቅርቡ ጥያቄ ሌላ ነው። በጃንዋሪ 28 ቀን 2003 ልጅየው ቡሽ ለኮንግረስ ባሰሙት ዓመታዊ ንግግር ኤድስን ለመዋጋት በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር እንዲመደብ ጠየቁ። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ፣ መድኃኒቱን የሚያገኘው ግን 50,000 ያህል ብቻ እንደሆነ ተናግረው ነበር። ሕጉ በሜይ ወር ተፈረመ፤ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ሆነች። እነዚያን ዓመታት በአገር ቤት ያሳለፈ ሰው ያስታውሳል፤ የዕድር ድንኳን ከመንደር መንደር ሲዞር፣ ሕሙማን በእንጦጦ ጠበል ሲሰባሰቡ፣ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን እንደገና ሲያሳድጉ። ነፃው መድኃኒት በ2005 መሰጠት ሲጀምር ሞት የተፈረደባቸው የሚመስሉ ሰዎች ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ይህስ ያለ ቡሽ ይሆን ነበር? የመድኃኒቱ ዋጋ በሕንድ አምራቾች ምክንያት ከ2001 ጀምሮ እየወረደ ነበር፤ ግሎባል ፈንድ በ2002 ተቋቁሟል፤ የኮንግረሷ አባል ባርባራ ሊና ሌሎችም መንገዱን ጠርገዋል። ጎርም ግድ የለሽ አልነበሩም፤ በጃንዋሪ 2000 የጸጥታው ምክር ቤት ስለ ኤድስ ሲነጋገር ስብሰባውን የመሩት እርሳቸው ናቸው። አንድ ነገር መደረጉ አይቀርም ነበር። ያን የሚያህል ነገር ግን? በሪፐብሊካኖች እጅ ከነበረ ኮንግረስ ለአፍሪካ ሕሙማን 15 ቢሊዮን ዶላር ለማስፈቀድ የወግ አጥባቂ ክርስቲያኖችን አመኔታ ያገኘ ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህን እንዲያደርጉ ያስገደዳቸው የምርጫ ስሌት አልነበረም፤ ድምፅ የሚሰጥ አፍሪካዊ የለም። ነጥቡን ለማጥራት ያህል፣ ጦርነቱንና መድኃኒቱን ያመጣው አንድ እጅ ነው። ያን ሰው ከታሪክ የሚያወጣ ሁለቱንም ማውጣት አለበት።

ሰው የሚናገርበት ቦታ

የፈተናው ውጤት በሦስት ይከፈላል። ዲቪና የደርግ መውደቅ ያለ ቡሾች ይሆኑ ነበር። የቤተ እስራኤል መውጣት ይሆን ነበር፤ ግን በዚያው ሰዓትና በዚያው ደኅንነት ላይሆን ይችል ነበር። የኢራቅ ዘመቻና የኤድሱ መድኃኒት በዚያ መጠን አይሆኑም ነበር። ምርጫ የተሸነፉት አባትየው ቡሽ በዲሴምበር 1992 ወደ ሶማሊያ የላኩት ጦርም ከዚህኛው ወገን ነው፤ ያን እንዲያደርጉ ያስገደዳቸው አልነበረም፤ ሳያደርጉ ቢሄዱም የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ከዚህ ድልድል አንድ ደንብ ይወጣል። የተደራጀ ጥቅምና ሕግ በሚናገሩበት ቦታ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስም ብዙ አይለውጥም፤ እጁ የሌላውን ሥራ ይፈርማል። ሕግና ጥቅም ዝም ባሉበት ቦታ ግን ሰው ይናገራል፤ ለደግም ለክፉም።

ይህን ማወቅ ለእኛ የሚጠቅመው የታሪክ አስተያየታችን ከዜና መዋዕል የወረሰው ጽኑ ልማድ ስላለው ነው። ዘመንን በንጉሥ ስም እንቆጥራለን፤ ዝናብ ቢዘንብም ቢጠፋም «በእገሌ ዘመን» እንላለን። ያን ልማድ ይዘን በመሰደዳችን በየአራት ዓመቱ ዓይናችንን ዋይት ሐውስ ላይ ተክለን ለእኛ የሚበጀው ማን ይሆን እንላለን። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ በ2003 የሆነው ይህን ያስረዳል። ነገር ግን ከአንድ ሰው በጎ ፈቃድ የመጣ ነገር በሌላ ሰው ፈቃድ ሊታገድ ይችላል፤ በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ርዳታ በአንድ ትእዛዝ ሲቆም ክሊኒኮች ምን ያህል እንደ ተጨነቁ አይተናል። በ2020ም አንድ የፕሬዚዳንት ዐዋጅ የዲቪ ዕድለኞችን ደጅ አስጠንቷል፤ ሕጉን ለመሻር ግን ምክር ቤት ያስፈልግ ነበርና ሕጉ አልተሻረም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አየርላንዳውያኑ ደግ ፕሬዚዳንት እስኪመጣ አልጠበቁም። እንደራሴያቸውን በስሙ ያውቁት ነበር፤ የትኛው ኮሚቴ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው አንቀጽ እንደ ጎዳቸውም ያውቁ ነበር። የሠሩትም በር ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለማያውቁት ሕዝብ ጭምር ሆነ። የቡሽ ቤት ቤተ መንግሥት ባይገባ ኖሮ ያ በር ይከፈት ነበር። እነዚያ የቦስተንና የኒው ዮርክ ሰዎች ባይደራጁ ኖሮ ግን ማን ቢነግሥ ይከፈት እንደነበር መናገር ያስቸግራል።